አያ ይማም ካባ የዋሉበት በጋ

ባለፈው ሰኔ ደሴ፣ ሆጤ ካለው ቤታችን ፊት ለፊት ጎረቤታችን አጥር ሊሠራ ጡብ አራገፈ። ክምሩን ፀሐይ ሲጠብሰው ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ትልልቅ ጠብታ መጣል ጀመረ። የመጀመሪያው ጠብታ ጡቡ ላይ እንዳረፈ ያ ሽታ ተነሣ። ጭቃም ነው፣ ጭስም ነው፣ ትንሽ ደግሞ እንደ ተቆላ ገብስ ነው። ልብስ ላሰባስብ ወጥቼ ልብሱን ረሳሁት።

"እማ፣ እየበሰበስሽ እኮ ነው!" አለችኝ ልጄ ከበሩ ላይ ሆና።

እኔ እንደሆንኩ እዚያ አልነበርኩም። ኮምቦልቻ ነበርኩ፤ ገና ሁለት የፊት ጥርሴ የወለቀ ልጅ፣ አያ ይማም ዘንድ በከረምኩበት በጋ።

አያ ይማም የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እሳቸው ዘንድ የተወሰድኩት እናቴ ሀዋ ስለታመመች ነበር። ያን ክረምት ስትስል ነው የወጣችው። መስከረም ጠብቶም ሳሉ አልለቃት አለ። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለነበር ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። የሳምባ ነቀርሳ የሚለውን ቃል የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ የተነገረኝ "እናትሽ ሆስፒታል ልትተኛ ነው፤ እዚያ ደግሞ ልጅ አይገባም" የሚል ብቻ ነበር።

የተለያየንበት ጧት እናቴ አልሳመችኝም። ከጓዳው በር ላይ ቆማ፣ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ፣ "በይ ሂጂ፣ ልጄ" አለችኝ። ልጠጋት ስል እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ። ከዚያ ቀን በፊት የሻይ ብርጭቆ ሰብሬ ስለነበር በሱ የተቀየመችኝ መሰለኝ። አባቴ እጄን ይዞ ሲያወጣኝ ስለ ብርጭቆው እያሰብኩ ነበር።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ። ሹራቤን አወለቅኩ። ከታች ያለው አገር ሞቃት ነው፤ አየሩም የእንጨት ጭስ ይሸታል።

የአያ ይማም ቤት ከጡብ ማምረቻው ጀርባ ነበር። በዚያ ሰፈር ሁሉም ቤት የተሠራው ማምረቻው በጣለው ጡብ ነው፤ እሳት በዝቶበት የጠቆረው፣ እሳት አንሶት የገረጣው፣ ሲደርቅ የተጣመመው ሁሉ እዚያ ግድግዳ ሆኗል። እኔ በምተኛበት በኩል አንዱ ጡብ ላይ የውሻ እግር ታትሞበታል፤ ጡቡ እርጥብ ሳለ ረግጦት ሄዶ ነው። ጧት ስነቃ ጣቴን እዚያ ውስጥ ከትቼ ነበር የምነሣው።

አያ ይማምና ሚስታቸው እትዬ ዘምዘም ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ሁለቱም አያውቁም። እትዬ ዘምዘም ፀጉሬን ስትሠራኝ ቅንድቤ ሽቅብ እስኪሳብ ነው የምታጠብቀው። እሳቸው ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ነበር የሚያናግሩኝ። "እመት ሰዓዳ፣ እንዴት አደሩ?" ይሉኛል፣ ከልባቸው፣ መልሴን ቆመው እየጠበቁ። እትዬ ዘምዘምን "አንቺ" ለማለት በሦስተኛው ቀን ደፈርኩ። እሳቸውን ግን እስከ መጨረሻው "አንቱ" እንዳልኩ ቀረሁ።

እትዬ ዘምዘም ምግብ አልበላ ስላት "አፈር ስሆንልሽ፣ ይቺን ብቻ ጉረሺ" ትለኛለች። በደሴ ቢሆን ምንም አይመስለኝም ነበር። እዚህ ግን አፈር ምን እንደሚደረግ በየቀኑ አያለሁ። በመኪና መጥቶ ይደፋል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ ሰዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው ይረግጡታል፣ በሣጥን ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ እሳት ይገባል። እትዬ ዘምዘም አፈር ብትሆን የሚደርስባትን ሳስበው ሳላኝክ እውጣለሁ። "ማሻ አላህ፣ ልጅቷ በላች!" ትላለች እሷ።

አፈሩ ከየት እንደሚመጣ ግን አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት አመሻሽ ላይ አያ ይማም ከሥራ ሲገቡ ደነገጥኩ። ከተረከዛቸው እስከ ሽፋሽፍታቸው ቀይ ነበሩ። ነጭ የቀረላቸው ጥርሳቸው ብቻ ነው።

"የት ውለው ነው?" አልኳት እትዬ ዘምዘምን በሹክሹክታ።

"ካባ ነዋ" አለችኝ። "በጋውን እዚያው ነው የሚውለው።"

ድንጋይም ይውጣበት አፈር፣ ሰው የሚቆፍረውን ቦታ ሁሉ የሰፈሩ ሰው ካባ ይለዋል። እኔ ግን የማውቀው ካዕባ አንድ ነው። ደሴ፣ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ወርቃማ ጥለት ባለው ምንጣፍ ላይ ተስሎ የተሰቀለው ጥቁር ቤት። እዚያ የሚሄድ ሰው ሲነሣ ይለቀስለታል፣ ሲመለስ በግ ይታረድለታል። አያ ይማም በየቀኑ ሄደው በየቀኑ የሚመለሱት እንዴት ነው ብዬ አሰብኩበትና መልሱን አገኘሁት፤ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። አንዳንድ ጧት ከሰፈሩ በላይ የሚያልፈውን አይቻለሁ። ቀዩ አቧራ የበረሃው ነው። ሚስታቸውስ ብትሆን ስሟ ዘምዘም አይደል? የዘምዘም ውሃ ደግሞ እዚያ እንደሚገኝ ቁርአን ቤት ተምሬያለሁ። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ።

ብዙ ሳልቆይ አንድ ጧት አያ ይማም ዶማቸውን ተሸክመው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ያዝኳቸው።

"አያ ይማም፣ ካባ ሲደርሱ ለእማዬ ዱዓ ያደርጉላታል?"

ቆሙ። ወደ እትዬ ዘምዘም ዞር አሉ። እሷ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ዶማውን ከትከሻቸው አወረዱና ቁጢጥ አሉልኝ።

"እሽ፣ እመት ሰዓዳ። ምን ብዬ ላድርግላት?"

"ሳሏ እንዲቆም። ሌሊት እንድትተኛ።"

"ሳሏ እንዲቆም፤ ሌሊት እንድትተኛ" ብለው ደገሙት፣ እንዳይረሱት። "ሌላስ?"

"በቃ። ዛሬ ይኸው ነው።"

ማታ ገና ከበሩ ሲገቡ፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ "አድርሻለሁ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የየጧት ሥራችን ሆነ። አንዳንድ ቀን መልእክቴ አጭር ነው፤ አንዳንድ ቀን ይበዛል። ፀጉሯ እንዳይረግፍ። ነርሶቹ እንዳይቆጧት። ቤት ጥለናት የመጣነውን ድመት ጎረቤት እንዲያበላት። ስለ ብርጭቆውም ነገርኳቸው፤ እንድትረሳው ዱዓ ያድርጉልኝ አልኩ። አንድም ቀን አልሳቁብኝም። "ዛሬስ ምን ልበል?" ይሉኛል፣ ጎንበስ ብለው፣ ጆሯቸውን ሰጥተው። ማታ ደግሞ "አድርሻለሁ"።

እትዬ ዘምዘም በዚህ ነገር ከሳቸው ጋር ተጣልታ እንደነበር የነገረችኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። "ኧረ ንገራት፣ አንተ ሰው!" አለቻቸው። "በካዕባ ስም ልጅ ይታለላል?"

"ዱዓ አድርግ አለችኝ፤ አደረግኩ። የታለለ የለም" አሏት።

"ስታውቅስ?"

"ስታውቅ እናትየዋ ድና ይሆናል፣ ኢንሻ አላህ።"

አባቴ በወር አንዴ እየመጣ ያየኛል። ሙዝና ብስኩት ያመጣልኛል። "እማዬስ?" ስለው "አብሽሪ፣ ደህና ናት" ይለኛል፤ ግን ሲለው ወደ እኔ አያይም። ልጅ እንደዚያ ያለውን ነገር ያውቃል። በሚቀጥለው ጧት የአያ ይማም መልእክት ይረዝማል።

በጋው ሊያልቅ ሲል የበልግ ደመና ከምሥራቅ በኩል መታየት ጀመረ። ዝናብ ከገባ አፈር መቆፈር የለም፤ ስለዚህ ማምረቻው ለወራት የሚበቃውን አፈር ቶሎ ቶሎ ማስወጣት ነበረበት። አያ ይማም ስንቅ ሳይዙ፣ አንዳንዴም እኔ ሳልነቃ መውጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እትዬ ዘምዘም ሰሐኑን በጨርቅ ቋጠረችና "ካባ ምሳ ላደርስለት ነው። ትመጫለሽ?" አለችኝ።

ሮጬ ገባሁ። እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ እግሬን ታጠብኩ፣ የኢድ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጭ ሻርፕ አሰርኩ። እትዬ ዘምዘም ስታየኝ ሳቀች፤ ከዚያ ገባትና ሳቋ ጠፋ። ሻርፔን ፈታ በደንብ አድርጋ አሰረችልኝና እጄን ያዘች።

"አውሮፕላኑ በዚህ በኩል ነው?"

"በእግር ነው የምንሄደው" አለች። "ቅርብ ነው።"

የተሰጣውን ጡብ አለፍን። እሳቱ የሚነድበትን ትልቁን ምድጃ አለፍን፤ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። የቦርከና ወንዝን ዳር ይዘን ትንሽ እንደሄድን ሜዳው ድንገት ተቆረጠ። ከፊታችን ሰፊ ጉድጓድ ነበር። ጠርዙ ላይ ቆሜ ሳየው አፈሩ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ነው፤ ከላይ ጥቁር መረሬ፣ ከሥሩ ወፍራም ቀይ። ከታች ሰዎች በዶማ ይቆፍራሉ፣ በአካፋ መኪና ላይ ይጭናሉ። ሁሉም ቀይ ናቸው።

"ካባው የታለ?" አልኩ።

"ይኸው ነው፣ ልጄ። ካባ ማለት ይኸ ነው።"

"ጥቁሩ ቤትስ?"

ታች አያ ይማምን አየኋቸው። ዶማቸውን ወደ ላይ አንሥተው ሳለ እሳቸውም እኔን አዩኝ፤ የኢድ ቀሚሴን፣ ነጩን ሻርፕ። ዶማው ሳይወርድ ትንሽ ቆየ።

የቆምኩበት ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። እትዬ ዘምዘም ልታነሣኝ ስትሞክር ገፋኋት። "ታዲያ ለእማዬ ማን ዱዓ አደረገላት?" እያልኩ ነበር። "በጋውን ሁሉ ማንም አላደረገላትም!"

በዚያ መሐል ከከተማው በኩል አዛን ተሰማ። ሰዎቹ ዶማቸውን እያጋደሙ ከጉድጓዱ ወጡ። አያ ይማምም ወጡ፤ ግን ወደ እኔ አልመጡም። ከጄሪካን ውሃ ቀድተው ታጠቡ፣ ባዶ ጆንያ ዘረጉ። ሌሎቹም ከጎናቸው ተሰለፉ። የማይሰግዱት ጥቂት ሰዎች ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ ንፍጤን በቀሚሴ እጅጌ እየጠረግኩ አያለሁ።

ሰግደው ሲጨርሱ ማንም አልተነሣም። አያ ይማም ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"ያ አላህ፣ ሀዋን አፊያ አድርጋት። ሳሏን አቁምላት። ሌሊት እንቅልፍ ስጣት" አሉ።

"አሚን" አሉ ሰዎቹ።

"ፀጉሯ አይርገፍ። ነርሶቹ አይቆጧት።"

"አሚን።"

"ድመቷን ጎረቤት ያብላት። ብርጭቆውን ትርሳው።"

"አሚን" አሉ፣ ያ ሁሉ ትልልቅ ሰው፣ አንድም ፈገግ ሳይል። ጥላው ሥር ከተቀመጡት አንድ ሽማግሌም ባርኔጣቸውን አውልቀው "አሜን" ሲሉ ሰማኋቸው።

እኚያ ሽማግሌ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፤ መኪናው ላይ አፈር የሚጭኑ ናቸው። አጠገቤ ተቀመጡ።

"የሀዋ ልጅ አንቺ ነሽ?"

"እናቴን ያውቋታል?"

"በዓይኔ አይቻት አላውቅም። በጋውን ሁሉ ግን ስሟን ስሰማ ከረምኩ። እኔም በበኩሌ ሰንበት ሰንበት ጧፍ አበራሁላት። ሳሉ ተዋት?"

"አላውቅም" አልኩ።

"ድመቷስ?"

እሱንም አላውቅም ነበር። ጋሽ ተፈራ በጣም አዘኑ፤ ስለ ድመቷ ከልባቸው ሲያስቡ እንደከረሙ ያስታውቅባቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምቼም ቂሜ አልወጣልኝም። ማታ አያ ይማም ሲገቡ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ታጥበው መጡና መደቡ ላይ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

"እመት ሰዓዳ፣ ከሩቁ ካዕባ አልደረስኩም" አሉ። "አቅሙም የለኝ። ግን ከዚህ አገር ወደዚያ የዞረ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ደሴ ተራሮች ነው። በየቀኑ ወደዚያ ዞሬ ያልሽኝን አንድም ሳላስቀር ብያለሁ።"

"አፈሩም ቢሆን የሌላ አገር አይደለም" አሉ ቀጥለው፤ ምን እንደሚሉኝ እንደ ጠፋቸው አሁን ይገባኛል። "ቦርከና ነው ከደሴ በላይ ካለው ጋራ አጥቦ፣ በናንተ ሰፈር አድርጎ ያወረደው። እዚህ ሜዳውን ሲያገኝ ይደክመውና ያስቀምጠዋል። ማምረቻው ደጋን ከተማ ድረስ ሄዶ ሌላ አፈር አስመጥቶ ነበር፤ እሳት ሲገባ ተሰነጣጠቀ። የእናትሽ አገር አፈር ነው እሳቱን የቻለው።"

አሁንም አልዞርኩላቸውም። ግን ሰማሁት።

በማግሥቱ ጧት ነቅቼ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸፍኜ ተኛሁ። ቁርስ ሲበሉ ሰማሁ፤ ዶማውን ሲያነሡ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። አልተዘጋም። እዚያው ቆመዋል። ሠራተኞቹ በደጅ ሲያልፉ "ይማም፣ አትሄድም?" አሏቸው። "ቅደሙ፣ እደርሳለሁ" አሉ። እትዬ ዘምዘም "ኧረ ረፈደብህ" አለች። "ይርፈድ" አሏት። በልብሱ ቀዳዳ አየኋቸው፤ ዶማውን እንደ ተሸከሙ፣ ጀርባቸውን ለመቃኑ ሰጥተው፣ እኔን ሳያዩ፣ መሬት መሬት እያዩ ይጠብቃሉ።

ብርድ ልብሱን ከፊቴ ላይ ገለጥኩ።

"ሳሏ እንዲቆም" አልኩ።

ዞር አሉ። "ሳሏ እንዲቆም" ብለው ደገሙት። "ሌላስ?"

"ሌላ፣ እንድትመጣ።"

ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። እትዬ ዘምዘም ዕቃ የምታጥብ መስላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጥቂት ቆይቶ በልጉ ገባ። ጉድጓዱ ውሃ ሞላውና ኩሬ ሆነ፤ ሥራ ቆመ። አያ ይማም ቤት ዋሉ። የጧቱን ግን አልተውነውም፤ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሲደርስ ጓዳ ውስጥ ቆመው ያደርሳሉ። አንድ ጧት እንዲህ ስንነጋገር ውጭ የአባቴ ድምፅ ተሰማ። ከኋላው እናቴ ነበረች።

ከስታለች። ሻርፗ ጭንቅላቷ ላይ ነው እንጂ አፏ ላይ አልነበረም። ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም፤ እጇን ዘርግታ የምትከለክለኝ መስሎኝ። እሷ ግን ጭቃው ላይ ተንበርክካ ሁለት እጇን ከፈተች። ስትስመኝ የሆስፒታል ሳሙና ትሸታለች። ስለ ብርጭቆው ጠየቅኳት።

"የቱ ብርጭቆ?" አለችኝ።

ወሬው በሰፈሩ እንዴት እንደሮጠ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ግቢው በወንድ ተሞላ። የካባው ሰዎች ናቸው፤ ግን ታጥበው፣ የዘመድ ጥየቃ ልብሳቸውን ለብሰው ስለመጡ አንዳቸውንም አልለየኋቸውም። ጋሽ ተፈራን እንኳ ያወቅኋቸው በባርኔጣቸው ነው። እናቴ መደቡ ላይ ግራ ገብቷት ተቀምጣለች። እነሱ በየተራ እየገቡ፣ ዝቅ ብለው፣ "እንኳን አላህ ማረሽ"፣ "እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ" ይሏታል። ልትነሣላቸው ስትል ሁሉም ባንድ አፍ "አትነሺ፣ አትነሺ!" ይላሉ። አንዱ እንቅልፍ መለስ ብሎላት እንደሆነ ጠየቃት። ሌላው ነርሶቹ እንዴት እንደያዟት ጠየቃት። ጋሽ ተፈራ ስለ ድመቷ ጠየቁ። ደህና ናት፣ ጎረቤት እያበላት ነው ስትላቸው እፎይ ብለው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

እናቴ አንዴ እኔን አንዴ አያ ይማምን ታያለች። ምን ብላ እንደምትጠይቅ ጠፍቷት እትዬ ዘምዘም የሰጠቻትን ሻይ አነሣች። አንድ ጉንጭ ስትጎነጭ ሳለች።

በሩ ላይ የነበሩት አንገታቸውን አስግገው ቀሩ። አያ ይማም ከተቀመጡበት ግማሽ ተነሥተዋል። እኔ የቀሚሷን ጫፍ ጨመደድኩ።

እናቴ ደረቷን ይዛ ዓይኗን ጠራረገች፤ ቀና ስትል ሁሉም ሰው እሷን እያየ ነው።

"ትን ብሎኝ ነው" አለች፣ አፍራ። "ሻዩ ነው።"

"ታዲያ ቢልሽ ይገርማል?" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ስንት ሰው ስምሽን ሲያነሣ ከርሞ!"

የመጀመሪያውን ሳቅ የሳቁት አያ ይማም ናቸው። ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።